ኮምፒውተር ሲስተምስ ለዌብ ዴቨሎፐር ይጠቅማል ወይ?

«በጃቫስክሪፕት እየሠራሁ ነው፤ የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲን የኮምፒውተር ሲስተምስ ኮርስ (15-213) ብማር ጊዜዬን አባክናለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ አታባክኚም። ኮርሱን ተማሪው። ግን ሌክቸር በማየት ብቻ አይሆንም።

የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰሮች ብራያንትና ኦሃላሮን ኮርሱን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀምሩ ያሰቡት ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነው፤ ፕሮሰሰር ለሚሠራ ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። 2048 በ2048 የሆነ የቁጥር ሠንጠረዥ በሲ ቋንቋ ኮፒ አድርጊ፤ አንዴ ረድፍ በረድፍ፣ አንዴ ዓምድ በዓምድ። የሚለየው የሉፖቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። በኮርሱ ሌክቸር ላይ ባሳዩት ልኬት ግን በረድፍ 4.3፣ በዓምድ 81.8 ሚሊሰከንድ ፈጅቷል። ጉዳዩ ካሽ ነው፤ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ። ፕሮሰሰሩ አንድ ቁጥር ከሜሞሪ ሲያመጣ ጎረቤቶቹንም ይዞ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 64 ባይት፣ ማለትም 16 ኢንቲጀር። በረድፍ ከሄድሽ የቀሩት 15ቱ ቀርበው ይጠብቁሻል። በዓምድ ከሄድሽ አንዱን ብቻ ነክተሽ ታልፊያለሽ፤ ስትመለሺ ሌሎቹ ከካሽ ወጥተዋል። ቢግ ኦ (ዳታው ሲበዛ ሥራው ምን ያህል እንደሚያድግ የሚለካው) ይሄን አያሳይሽም።

ከኮርሱ ላቦች (የተግባር ሥራዎች) አንዱ የሆነውን ቦምብ ላብን ደግሞ እንዳትዘይው። ሶርስ ኮድ የሌለው ፕሮግራም ይሰጥሻል፤ ስድስት ደረጃ አለው፤ የተሳሳተ መልስ ከጻፍሽ ይፈነዳል። ጂዲቢ (ፕሮግራምን እያስቆሙ የሚመረምሩበት መሣሪያ) ከፍተሽ መጀመሪያ የሚያፈነዳው ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ የሚቆምበት ቦታ) አድርጊ። ከዚያ የአንደኛውን ደረጃ አሴምብሊ (ፕሮሰሰሩ የሚፈጽማቸውን ትዕዛዞች በጽሑፍ) አንብቢ። ሁለት ጽሑፎችን የሚያወዳድር ፈንክሽን ከመጠራቱ በፊት አንድ አድራሻ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ ሲገባ ታያለሽ። እዚያ አድራሻ ላይ ያለው ጽሑፍ መልሱ ነው። እኔ አሴምብሊ የለመድኩት እዚህ ጋ ነው፤ ዛሬም ፕሮግራም ሲወድቅብኝ ኮር ደምፑን (ሲወድቅ የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ) ከፍቼ የማየው በዚሁ ልምድ ነው።

ላቦቹ በራሱ ለሚማር ሰው በነፃ ይገኛሉ፤ ፋይሎቹም ትንንሽ ስለሆኑ ኢንተርኔት ቢቆራረጥም አያስቸግሩም። ዊንዶውስ ላይ ደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው) ይበቃል። ኤም ቺፕ ያለው ማክ ከሆነ ግን ቦምቡ እንዳለ አይሠራልሽም፤ የተዘጋጀው በኤክስ86 (በኢንቴልና ኤኤምዲ ዓይነት) ፕሮሰሰር ላይ ለሚሠራ ሊኑክስ ነው።

የሲ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው) ካልገባሽ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ዩኒቨርሲቲው በሳምንት 12 ሰዓት ይመድብለታል፤ ሥራ ላይ ሆነሽ ያን ፍጥነት አትከተይ። ጊዜ ካጠረሽ ብራያንትና ኦሃላሮን ለኮርሱ የጻፉትን መጽሐፍ (Computer Systems: A Programmer's Perspective) ምዕራፍ 4 ዝለይው፤ 3ን፣ 6ንና 9ን ግን በደንብ አንብቢ። ማሎክ ላብ (ለፕሮግራም ሜሞሪ የሚያድል ኮድ ራስሽ የምትጽፊበት) ከሁሉም ይከብዳል፤ ስትደርሺበት ሌላ ኮድ ሳትነኪ መጀመሪያ ሄፕ ቼከሩን (የሚታደለው ሜሞሪ በትክክል መያዙን የሚፈትሸውን ኮድ) ጻፊ።