«ይበሰብሳል» የተባለው ፌስታል የት ነው የሚበሰብሰው? የሐዋሳ ሰዎች ጥያቄና የእኔ መልስ

ባለፈው ሳምንት «ስለሚበሰብስ ፕላስቲክ የፈለጋችሁትን ጠይቁ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አቶቴ ባለው ጓሮዬ ደግሞ ብስባሽ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን መልሻለሁ።

ፒያሳ ሱቅ አለኝ። አከፋፋዩ «ይሄ ባዮ ነው፣ ይበሰብሳል» ብሎ በውድ ሸጠልኝ። እውነቱን ነው?

እህቴ፣ «ባዮ» ሲሉሽ ሁለት ነገር ለይተሽ ጠይቂ። ከምን ተሠራ? ተጥሎስ ምን ይሆናል? ሁለቱ አይገናኙም። ብራዚል ውስጥ ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ ፖሊኤትሊን አለ። ምንጩ ተክል ነው፤ ሲያልቅ ግን ያው ተራ ፌስታል ነው፣ አይበሰብስም። ፒቢኤቲ የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ይሠራል፤ ተስማሚ ቦታ ካገኘ ግን ይበሰብሳል።

ከሁሉም የምፈራው ሦስተኛውን ነው። ተራ ፌስታል ውስጥ እንደ ኮባልትና ማንጋኒዝ ያሉ የብረት ጨዎችን ይጨምሩበታል። ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይፈረፈራል። ከዓይን ሲጠፋ የበሰበሰ ይመስላል። አልበሰበሰም፤ ደቃቅ ፕላስቲክ ሆኖ አፈር ውስጥ ገባ እንጂ። ኦክሶ ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከገበያው አግዶታል። ማሸጊያው ላይ «ኦክሶ» የሚል ካየሽ አትግዢው። «ኢኤን 13432» የሚል ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀጥሎ እመጣበታለሁ።

ጓሮ ብቀብረው በስንት ጊዜ ይጠፋል?

ይህን ራሴ ሞክሬዋለሁ። ከበቆሎ ወይም ከአገዳ ስኳር የሚሠራ ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ አለ። ከእሱ የተሠራ ብርጭቆ የመሰለ ኩባያ፣ «ይበሰብሳል» የሚል ፌስታልና አንድ የኮባ ቅጠል በሰኔ መጀመሪያ ብስባሽ ጉድጓዴ ውስጥ ቀበርኩ። በየቀኑ ጠዋት ቴርሞሜትር እሰካ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ 55 ዲግሪ ደረሰ። በሦስተኛው ሳምንት 30ዎቹ ውስጥ ወረደ። ለመስቀል ስቆፍር ቅጠሉን ፈልጌ አጣሁት፤ ጥቁር አፈር ሆኗል። ፌስታሉ መያዣው ጋ ትንሽ ሳስቶ ነበር። ኩባያውን ግን አጥቤ ውሃ ሞላሁበት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ ለትልልቅ የብስባሽ ፋብሪካዎች የወጣ ነው። እነሱ ጋ ክምሩ 58 ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ይቆያል፤ እርጥበቱና አየሩም ይጠበቃል። በዚያ ሁኔታ ፕላስቲኩ በ12 ሳምንት መበጣጠስ፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ ከመቶ 90 እጁ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። የእኛ ጓሮ ያንን ሙቀት አይዝም።

እንግሊዝ ውስጥ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ያደረጉት ሙከራ አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። «ይበሰብሳል» የተባለ ፌስታል ሦስት ዓመት አፈር ውስጥ ቀብረው፣ ባሕር ውስጥም አስምጠው አወጡት። የሱቅ ዕቃ ሞሉበት፤ ተሸከመ። «ኮምፖስት ይሆናል» የተባለው ሌላኛው ዓይነት ባሕር ውስጥ በሦስት ወር ጠፋ። ያው ፌስታል አፈር ውስጥ ግን ከ27 ወር በኋላም ነበር፤ ዕቃ ሲጨመርበት ብቻ ተቀደደ። እንግዲህ «ይበሰብሳል» ላለህ ሰው «የት? በስንት ጊዜ?» ብለህ ሳትጠይቅ አትለፈው።

ሐይቁ ውስጥ ቢገባስ? የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ ነኝ። መረብ ስንስብ ከቆሮሶ ጋር ፌስታል ይወጣል።

ወንድሜ፣ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ሐይቃችን ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣው፣ ክረምት ላይ የከተማው ቦይ ጠርጎ የጨመረው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ውሃው በአብዛኛው የሚወጣው ተንኖ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ አይተንም።

ፒኤልኤ በሐይቅ ውሃ ሙቀት ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል። ከውሃ ስለሚከብድም ይሰምጣል፤ ስለዚህ ታች ያለውን አታየውም። ውሃ ውስጥ በእርግጥ የሚበሰብስ ፒኤችኤ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት አለ። ባክቴሪያዎች ራሳቸው እንደ ስብ የሚያጠራቅሙት ነገር ነው፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ በ1920ዎቹ አገኘው። ዋጋው ግን ከተራው ፕላስቲክ እጅግ ውድ ስለሆነ ፌስታል ሆኖ አይመጣልህም። ለሐይቁ የሚበጀው የማይገባበት ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ላሜ ፌስታል በልታ ሞታብኛለች። የሚበሰብሰው ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር?

እግዜር ይተካልዎት እናቴ። በዚህ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። የላም ሆድ ሙቀቱ 39 ዲግሪ ገደማ ነው። ፌስታሉ ተጠቅልሎ መተላለፊያውን ሲዘጋ፣ ምን ጽሑፍ እንዳለበት ለላሟ ለውጥ የለውም። ቀስ ብሎ የሚበሰብሰውም ከመበስበሱ በፊት ይዘጋል።

ቁራሌ ነኝ። ሃይላንድ ሰብስቤ እሸጣለሁ። ይሄ አዲሱ ጠርሙስ ሥራዬን ይጎዳል?

የፒኤልኤ ጠርሙስ ከተደባለቀበት አዎ። ሃይላንዱ ፒኢቲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ከ250 ዲግሪ በላይ ነው የሚቀልጠው። ፒኤልኤ ከ150 እስከ 180 ባለው ይቀልጣል። ጥቂቱ እንኳ ፒኢቲ ውስጥ ከገባ ማሽኑ ውስጥ ይቃጠላል፤ ዕቃው ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ሁለቱም ጥርት ያሉ ስለሆኑ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ። ታቹ ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት እይ። 1 ቁጥር ፒኢቲ ነው። 7 ካለው ለብቻው አድርገው። የአንተ ሥራ ለዚህ ከተማ ከየትኛውም አዲስ ፕላስቲክ በላይ ጠቅሟል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ሁሉንም ነቀፍክ። ጥቅም የለውም ማለት ነው?

አለው፣ ያውም ትልቅ። ቦታውን ሲያገኝ።

ሐኪም ቤት ቁስል የሚሰፋበት፣ ሳይወጣ በራሱ የሚሟሟ ክር አይታችኋል? ብዙው የዚሁ የፒኤልኤ ዘመድ ነው። ለሰውነት ሙቀትና እርጥበት ታስቦ ስለተሠራ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል፤ ክር ለማስወጣት መመላለስ ቀረ።

እርሻም ላይ እንዲሁ። ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች አረምን ለማፈንና እርጥበት ለመያዝ መደቡን በስስ ፕላስቲክ ይሸፍናሉ። ተራው ከምርት በኋላ ተለቅሞ አያልቅም፤ ቁርጥራጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። አፈር ውስጥ እንዲበሰብስ የተሠራው ግን አብሮ ይታረሳል። ለእሱ ኢኤን 17033 የሚባል የራሱ መለኪያ አለ፤ በአፈር ውስጥ በ2 ዓመት ከመቶ 90 እጁ መበስበስ አለበት። እኔ ገበሬ ብሆን ዋጋው እስከቻለኝ ድረስ እገዛው ነበር።

ጣሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ተራውን ፌስታል አስቀርታ ኮምፖስት የሚሆነውን አስገባች። እንደ ሚላን ባሉ ከተሞች ሰው የወጥ ቤት ትርፍራፊውን በዚያው ከረጢት ያወጣል፤ ከረጢቱም ትርፍራፊውም አንድ ላይ ወደ ብስባሽ ፋብሪካ ይሄዳሉ። የተሳካላቸው ከረጢቱን የሚቀበል ፋብሪካና ለይቶ የሚሰበስብ መኪና ስላላቸው ነው። ሐዋሳ ውስጥ ቆሻሻው ተደባልቆ የሚጣል ከሆነ ከረጢቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ቆሻሻ መጣያው ላይ ቢበሰብስስ ምን አለበት?

ክምር ሥር አየር የለም። እዚያ ከስታርች የተሠራው ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ደግሞ ሙቀት በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዙ እጥፍ ይበረታል። ፒኤልኤው እዚያም አይነቃነቅም።

«ይበሰብሳል» በተባለው ኩባያ ሻይ ብቀዳበት ተጣመመ። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ለቀዝቃዛ ብቻ ተጠቀሙበት።

ከሰል ለማቀጣጠል ይሆናል?

አይሆንም፣ ማንኛውም ፕላስቲክ አይሆንም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ በፍጹም።

ፌስታል በሕግ ተከልክሏል አይደል? ይሄኛው ይፈቀዳል?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን ስስ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ይል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። እኔ የምሰጋው ክልከላው ሲጠብቅ «ባዮ» የሚል ጽሑፍ ሽፋን እንዳይሆን ነው። ነጋዴዎች የመለኪያውን ቁጥር ጠይቁ፤ አከፋፋዩ ማሳየት ካልቻለ አትግዙ።

እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም ልጄ። ዓሣውን በምን ይዤ ልምጣ?

እማማ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ባልዲ ከቤት ይዘው ይሂዱ። ዘንቢል አይሆንም፤ ውሃው ያንጠባጥባል፣ ሽታውም አይለቅም። ከታች የኮባ ወይም የእንሰት ቅጠል ያንጥፉ፣ ቆሮሶውን ያጋድሙበት፣ በሌላ ቅጠል ይሸፍኑት። ለቆጮ እኮ ድሮም የምናደርገው ነው። ቤት ሲገቡ ቅጠሉን ጓሮ ይጣሉት፣ ባልዲውን በሎሚ ያጥቡት። ቅጠል ካጡ እኔ ጋ ይምጡ፤ ጓሮዬ ሞልቷል።