ቀይ ባህር ውስጥ ለመጥለቅ ለምትመኙ ልጆች

ሰላም ልጆች፣

ከእናንተ ጋር ባወራሁ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሻርኩስ?» ትሉኛላችሁ። ዱባይና ጅዳ ሆናችሁ በእረፍት ቀናችሁ ኮርስ የጀመራችሁም፣ እስራኤል፣ ኤላት የምትኖሩም፣ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ቪዲዮ የምታዩም ይህንኑ ነው የምትጠይቁኝ። ስለ ሰመጡት መርከቦች፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ጥልቀቱ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ይህን የምጽፍላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ፍርሃት ባህር ውስጥ ጥሩ ነገር ነው። ግን ያለቦታው ከሆነ አይጠቅማችሁም።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም። መጥለቅ የተማርኩት ምጽዋ፣ ባህር ኃይል ቤት ነው። ከዚያ በኋላ እንጀራዬ ከቀይ ባህር ወጣ። ፖርት ሱዳን፣ ኋላም ግብፅ፣ እንግዳ እየመራሁ ወደ ሪፍ፣ ማለትም ኮራል ወደሠራው የባህር ሥር ዐለት፣ እና ወደ ሰመጡ መርከቦች ስወርድ ኖርኩ።

ከሻርኩ ልጀምር፣ አለዚያ ሌላውን አትሰሙኝም።

ከፖርት ሱዳን ወጣ ብሎ ሳንጋነብ የሚባል ሪፍ አለ። ከሱ ወደ ሰሜን ሻዓብ ሩሚ። ሻዓብ ሩሚ ላይ ፈረንሳዊው የባህር አሳሽ ዣክ ኩስቶና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1963 ባህር ሥር ቤት ሠርተው አንድ ወር ያህል ኖረዋል። የብረት መጋዘናቸውና የሻርክ መከላከያ ፍርግርጋቸው ኮራል በቅሎበት ዛሬም እዚያው አለ። በነዚህ ሪፎች ጫፍ ላይ ግራጫ የሪፍ ሻርክ ይዞራል። መዶሻ ራስ የምንለውም በመንጋ ያልፋል።

ግራጫው ሻርክ ሲከፋው ያሳያል። ጀርባው ይጎብጣል። ሁለቱ የጎን ክንፎች ወደ ታች ይወርዳሉ። አፍንጫው ቀና ይላል። አዋኛኘቱ ይለወጣል፤ መላ ሰውነቱን ከጎን ወደ ጎን እያወዛወዘ ይሄዳል። ይህን ስታዩ ካሜራችሁን አውርዱ። አትከተሉት፣ መውጫውን አትዝጉበት። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ሰው የሚነከሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ምልክት አይቶ ፎቶ ለማንሳት ሲጠጋ ነው።

አንዱን ግን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ክፍት ባህር ላይ የሚኖር፣ ክንፉ ሰፊና ጫፉ ነጭ የሆነ ሻርክ አለ። እሱ አይሸሽም። ይጠጋል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም በአፍንጫው ገፋ ያደርጋል። በግብፅ በኩል ሰው ገድሏል። ከመጣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ተጠጋጉ፣ ዓይናችሁን ከሱ አትንቀሉ። ውሃ ላይ ወጥታችሁ አትንቦጫረቁ። ተረጋግታችሁ ወደ ጀልባው ውጡ። ለሻርክ ምግብ እየሰጠ የሚያሳያችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ከሱ ጋር አትውረዱ።

ከዚህ ውጪ ቁጥሩን እወቁት። ሳይተነኮስ በሻርክ ተነክሶ የሚሞት ሰው በዓለም ዙሪያ በአማካይ በዓመት ከአስር በታች ነው። መዶሻ ራሱና ባለ ነጭ ጫፉ ግን ዛሬ ከምድረ ገጽ ሊጠፉ ጫፍ ላይ ከደረሱት ተርታ ተመዝግበዋል። ይህ እኔን ያሳዝነኛል። ሻርክ የሌለበት ሪፍ አይቻለሁ፤ ዝም ያለ ነው።

በረጅም ዘመኔ ያየሁት የሻርክ አደጋ ከጥርሱ ጋር አይገናኝም። መዶሻ ራሶቹ የሚያልፉት ሰማያዊው ውሃ ውስጥ፣ ከሪፉ ራቅ ብለው፣ ጠለቅ ብለው ነው። ጠላቂው ያያቸዋል። ትንሽ ይወርዳል። እነሱም ይወርዳሉ። ከሥሩ መሬት የለም፣ ከጎኑ ግድግዳ የለም፣ ስለዚህ መውረዱ አይታወቀውም። 25 ሜትር ላይ የነበረው ሰው 45 ላይ ራሱን ያገኘዋል። እዚያ ጥልቀት ላይ ናይትሮጅን ያሰክራል። የሰከረ ሰው ደግሞ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ሻርክ ስታዩ በመጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለውን፣ ጥልቀት የሚያሳየውን ኮምፒውተር እዩ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መርከቡ።

ኡምብሪያን የማያውቅ የቀይ ባህር ጠላቂ የለም። ለእኛ ደግሞ የተለየ ትርጉም አላት። ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዘመን ወታደር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመላልሱ ከነበሩት መርከቦች አንዷ ናት። በፈረንጆቹ 1940 ወደዚሁ ወደ እኛ አካባቢ 360,000 ያህል ቦምብ ጭና ስትመጣ፣ እንግሊዞች ፖርት ሱዳን ደጃፍ፣ ዊንጌት ሪፍ ላይ አቆሟት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት አወጀች። ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬሳን ወሬውን በራዲዮ ቀድሞ ሰማ። ጭነቱ እንግሊዝ እጅ እንዳይገባ ብሎ፣ የጀልባ ልምምድ ነው በሚል ሰበብ ሰዉን አስወረደ። መርከቧንም ራሱ አሰመጣት። ያ ቦምብ አርበኞቻችን ገና በየዱሩ በነበሩበት ጊዜ የተጫነ ነው። ከነሱ ሳይደርስ ባህር ሥር ቀርቷል። እዚያ በወረድኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

መርከቧ በግራ ጎኗ ተኝታለች። የላይኛው ጎን ከውሃው ወለል ብዙም አይርቅም፣ ታችኛው 35 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ለጀማሪ ገር ትመስላለች። ብርሃን አለ፣ ዓሣው ብዙ ነው፣ ኮራሉ ያምራል። ሻርክ እንኳ እዚህ አልፎ አልፎ ነው የሚታየው። አሁን ግን በሩን እዩት። ወደ ጎን ስለተኛች ወለሉ ግድግዳ ሆኗል፣ ግድግዳው ጣሪያ ሆኗል። ደረጃው በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ የጭነት ክፍል ውስጥ ሦስት ፊያት መኪኖች አሉ፤ ሰው ሁሉ እነሱን ለማየት ነው የሚገባው። በሌላው ክፍል ቦምቦቹ እንደተደረደሩ አሉ።

አንድ ጊዜ ካሜራ የያዘ ወጣት ከኋላዬ ነበር። ዋና ጎበዝ፣ ሰውነቱ ጠንካራ። ባዶ ክፍል አይቶ ሳይነግረኝ ዞረ። በሩን ሲያልፍ እግሩ ላይ ያጠለቀውን የመዋኛ ክንፍ አንዴ ጠንከር አድርጎ ወደ ታች መታ። ከሥሩ ለአሥርት ዓመታት የተጠራቀመ ደለል እንደ ጤፍ ዱቄት ቡን አለ። ከላይ ደግሞ ዝገቱ በትንፋሹ አረፋ ተነቅሎ ወረደ። ባትሪው ውሃውን ማብራት ትቶ ቡናማ ግድግዳ ሆነበት። በሩ ከጀርባው ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበር። ግን ዞሮ ስለነበር ወደ ተቃራኒው መዳሰስ ጀመረ። የሰማሁት ትንፋሹን ነው፤ ፈጣን፣ ያለማቋረጥ። በሩ ላይ አንድ እጄን አስይዤ በሌላው እግሩን አገኘሁትና ጎተትኩት። ጀልባ ላይ ሲወጣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረ አየር የለም ማለት ይቻል ነበር። ያን ዕለት በዙሪያችን አንድም ሻርክ አልነበረም።

አየሩን አስሉት። የተለመደው 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ተረጋግቶ የሚተነፍስ ሰው ውሃ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢወስድ፣ 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ 80 ሊትር ይወስዳል። ያ ማለት ሲሊንደሩ እስከ መጨረሻው 30 ደቂቃ ነው። ከደነገጠ ትንፋሹ እጥፍ ይሆናል። 15 ደቂቃ። በዚህ ላይ መውጫ መፈለግ፣ በደቂቃ ከ9 ወይም 10 ሜትር ሳይበልጡ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም አለ። ስለዚህ ጣሪያ ሥር የሚገባ ሰው አየሩን ሦስት ቦታ ይከፍላል። አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ አይነካም። ከበር ጀምሮ ገመድ ይዘረጋል። ቢያንስ ሁለት ባትሪ ይይዛል። እግሩን ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይገፋል። የሰለጠነ መዝናኛ ጠላቂ እንኳ የተፈጥሮ ብርሃን ከሚታይበት አያልፍም፣ ጥልቀቱ ተደምሮም ከውሃው ወለል ከ40 ሜትር በላይ አይርቅም። ይህን ያሠለጠናችሁ ሰው ከሌለ፣ መርከብን ከውጭ ማየት በቂ ነው። ከውጭ ደግሞ ብዙ የሚታይ አለ፤ አብዛኛው ዓሣ ያለው እዚያ ነው።

እጃችሁንም ሰብስቡ። የኡምብሪያ ቦምብ አርጅቷል እንጂ አልከሸፈም። ጠርሙስ፣ ሰሃን፣ ጥይት ይዛችሁ አትውጡ። ግብፅ ያለው ቲስልጎርም የተባለ የሰመጠ መርከብ ለዚህ ምስክር ነው። በፈረንጆቹ 1941 በጀርመን አውሮፕላን ተመትቶ ሲሰምጥ ሞተር ሳይክልና የጭነት መኪና የሞላበት ነበር። ጦርነቱ ያላበላሸውን ጎብኚውና ጀልባ የሚያስርበት ሰው ብዙ አበላሽቶታል።

ለአዲስ አበባዎቹ ለብቻ የምለው አለ፤ የመጥለቅ መማሪያው መጽሐፍ ሲጻፍ እናንተን አላሰበም። ብዙዎቻችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠልቁት ጅቡቲ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን ግዙፉን ዌል ሻርክ ማየት ትፈልጋላችሁ፤ ጥሩ ነው፣ እሱ የሚበላው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ችግሩ መመለሻው ነው። ከጠለቀ በኋላ ሰውነት ውስጥ ናይትሮጅን ይቀራል። ሳይወጣ ከፍታ ላይ ከደረሳችሁ ደም ውስጥ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያማል፣ ከባሰም ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ብዙ ቀን ከጠለቁ በኋላ ከመብረር በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ የሚባለው። «እኔ በባቡር ነው የምመለሰው» የሚለኝ አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአውሮፕላን ካቢን ግፊትም ሲበዛ የ2,400 ሜትር ያህል ነው። በመኪናም ሂዱ በባቡር፣ አዲስ አበባ ከገባችሁ በራችኋል። የመጨረሻውን ቀን ጅቡቲ አሳልፉት። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት ነው የምመክረው። ጉልበታችሁ ወይም ትከሻችሁ ካመመ ደግሞ «ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ጠልቄ ነበር በሉ።

አሁን ፖርት ሱዳን ሂዱ አልልም። ሱዳን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ነው፣ እዚያ ያሉ ወዳጆቼም ከባድ ጊዜ ላይ ናቸው። ባላችሁበት ጀምሩ። መጀመሪያ ዋና ቻሉ፣ ሳንባና ጆሯችሁን አስመርምሩ። የመጀመሪያው ኮርስ 18 ሜትር ድረስ ያወርዳችኋል፣ ቀጣዩ 30። በመካከል አትቸኩሉ፤ ውሃ ውስጥ ሳትወጡ ሳትወርዱ ቀጥ ብላችሁ መቆም እስክትችሉ ሪፍ ላይ ብቻ ዋኙ። አስተማሪ ስትመርጡም ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁት፦ «መርከብ ውስጥ ታስገባናለህ?» የኮርስ ካርዳችሁን፣ ልምዳችሁን፣ መሣሪያችሁን ሳያይ «ችግር የለም፣ እኔን ተከተሉ» ካላችሁ አመስግናችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። «ገና ነው፣ በመጀመሪያ ዋናችሁን ልይ» ካላችሁ ግን እሱ ጋ ተመዝገቡ።