መልስ፦ «ሐኪም መስዬ የማታልል ይመስለኛል»

እህቴ፣ «ከተመረቅሁ ስምንት ወሬ ነው፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን ይነቃብኛል» ብለሻል። ይህ ስሜት እኔም ዘንድ ለዓመታት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1978 ስም ያወጡለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ፣ ያዩት በትምህርታቸው የላቁ ሴቶች ላይ ነበር፤ ሰነፎች ላይ አይደለም።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ በግሉኮስ የሚሰጥ ፖታሲየም ሦስት ጊዜ አስልቼ፣ ከደረጃው ተመልሼ አራተኛ አየሁት። ማረጋገጡ ተገቢ ነው፤ ፖታሲየም በፍጥነት ከገባ ልብ ያቆማል። የጎዳኝ ግን «ፍጹም ካልሆንሁ ሐኪም አይደለሁም» ብዬ አለቃዬን ሳልጠይቅ እስኪነጋ መጨነቄ ነው። ጠዋት ስጠይቀው እርሱም ከኪሱ የተጨማደደ ማስታወሻ አውጥቶ አሰላልኝ። እባክሽ ስትጠራጠሪ ደውዪ። ጭንቀቱ እንቅልፍ ነስቶሽ ሳምንታት ከዘለቀ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም ለማየት አትዘግዪ።