ቤተሰብ ይዞ ከጎንደር ወደ ደቅ ደሴት፦ ጥያቄና መልስ

ልጆቻቸውን ይዘው ከጎንደር በጎርጎራ በኩል ወደ ጣና ደሴቶች ለመሻገር ያሰቡ ወላጆች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና ሴቶች ልጆቼ አብረውኝ ይሄዳሉ። የትኛውን ገዳም እንምረጥ?

መልስ፦ ናርጋ ሥላሴን ይምረጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈው በዳጋ እስጢፋኖስ ቢሆንም፣ ገዳሙ ሴቶች የማይገቡበት በመሆኑ ቤተሰቡን ለሁለት ይከፍልብዎታል፤ ጎርጎራ አጠገብ ያለው ማንዳባ መድኃኔዓለምም እንዲሁ ነው። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘውን ናርጋን ግን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ሲሆኑ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። ልጆቹን አስቀድመው ጎንደር ወዳለው ቁስቋም ወስደው የእኚሁን እቴጌ የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ቢያሳዩአቸው፣ ሥዕሉን ሲያዩ የማንን ፊት እንደሚመለከቱ ያውቃሉ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አላውቅም።

ጥያቄ፦ ጣና ሐይቅ ነው፤ ማዕበሉ ያን ያህል ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ፣ ያሰጋል። የሐይቁ ጥልቀት ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ቢሆንም ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ነፋሱ የሚያግደው ሳያገኝ ውኃውን ከሩቅ እየነዳ ያመጣዋል። ጠዋት ጸጥ ብሎ ያደረው ውኃ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ስለዚህ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጎርጎራ አድሮ ጎህ ሲቀድ መነሣት ይበጃል። ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ጀልባው ላይ አይሳፈሩ፤ ጀልባ ነጂው ነፋሱ እስኪበርድ እንቆይ ሲል ደግሞ አያጣድፉት። የመንገዱን ጸጥታም ከመነሣትዎ በፊት ከአካባቢው ሰዎች ያጣሩ።

ጥያቄ፦ በደንገል ታንኳ መሻገርስ?

መልስ፦ ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ልጅ አሳፍሮ ለረጅም መንገድ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ልጆቹ መዋኘት ይችላሉ?

መልስ፦ አይዋኙ። ጉማሬው አንድ ነገር ሆኖ፣ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ስለሚገባ እግርን ብቻ መንከርም ለበሽታው ያጋልጣል። ውኃ ውስጥ የገባ ልጅ ካለ፣ ሕመም ባይሰማውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ የሰገራ ምርመራ ያስደርጉለት።

ጥያቄ፦ ምን ይዘን እንሂድ?

መልስ፦ ለሴቶች ነጠላ፣ ለሁሉም የሚጠጣ ውኃና ስንቅ ይያዙ። የደቅ ሰው በእርሻና በዓሣ የሚተዳደር ባለአገር ስለሆነ፣ ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ ባዶ የውኃ ፕላስቲኮችንም ይዘው ይመለሱ።