የምትኖሩበት ከተማ ማታ ማታ ምን ይጫወታል?

ውጭ ሀገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ስለ ከተማው ጠይቁት። የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ የትኛው ቢሮ ወረፋ እንደሌለው አንድ በአንድ ይነግራችኋል። "እዚህ ከተማ ማታ ማታ ማን ይጫወታል?" ስትሉት ግን ዝም ይላል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት እንደዚሁ ነው ያሳለፍኩት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ሙዚቃ መኪና ውስጥ ብቻ የምሰማው ነገር ነበር።

አንድ የሰመር ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ባቡሩ ተበላሸና ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ወረድኩ። በእግሬ ስሄድ ከአንድ ፓርክ ውስጥ የትሮምቦን ድምፅ ሰማሁ። ገባ አልኩ። ሰማንያ የሚሆን ሰው ሳሩ ላይ ተቀምጧል። መድረኩ ከመሬት ከፍ የሚለው ጉልበት ድረስ ብቻ ነው። ትሮምቦን የሚነፋው ሰውዬ ተራው እስኪደርስ የመሣሪያውን አፍ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ዓይኑ ግን ከድራመሩ አይነቀልም። ድራመሩ አገጩን ትንሽ ቀና አደረገ። ያችን ምልክት ፊት ለፊት የነበርነው ሁሉ አየናት። ሰውየው ተነሳና ነፋ። ድምፁ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር።

ሲያልቅ አጠገቤ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት "ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ናቸው፤ በነፃ ነው" አሉኝ። አራት ሰመር ሙሉ፣ በየሐሙሱ፣ እኔ በዚያ ፓርክ አጠገብ በባቡር አልፋለሁ። እነሱ ደግሞ እዚያው ይጫወታሉ። ይህን የምጽፍላችሁ ያለፉኝ ሐሙሶች እናንተንም እንዳያልፏችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ነፃ ስለተባለ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ለእናንተ ነፃ ነው እንጂ ሙዚቀኛው ይከፈለዋል። የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ፣ በጎ አድራጊው ወይም ስፖንሰሩ ነው። በቀረጥ የምትከፍሉት ገንዘብ ውስጥ የዚህ ድርሻ ያለበት ከተማ ብዙ ነው። ሳትሄዱ ስትቀሩ የራሳችሁን ነገር ነው ትታችሁ የምትቀሩት።

ቺካጎ ያላችሁ ግራንት ፓርክን ታውቁታላችሁ። እዚያ ነፃ የኦርኬስትራ ኮንሰርት የተጀመረው በ1935 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ዘመኑ የኢኮኖሚ ውድቀት ነበር። ሥራ ያጡ ሙዚቀኞች ሥራ እንዲያገኙ፣ ኪሱ የሳሳው ሕዝብም መንፈሱ እንዲነቃቃ ታስቦ ነው። ዛሬም አለ። በ2004 የተከፈተው የሚሌኒየም ፓርክ መድረክ ደግሞ ስፒከሮቹ ከሳሩ በላይ በተዘረጋ የብረት መረብ ላይ ተሰቅለዋል። ጫፍ ላይ ጋደም ያለውም ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማል። ሳን ፍራንሲስኮ የስተርን ግሮቭ ነፃ ኮንሰርት ከ1938 ጀምሮ አለ። የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ከ1965 ጀምሮ በሰመር ወደ ፓርኮች እየወጣ ይጫወታል። ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሰመርስቴጅ የተጀመረው በ1986 ነው። ሞንትሪያል ያላችሁ፣ ከ1980 ጀምሮ ያለው የጃዝ ፌስቲቫላችሁ አብዛኛው መንገድ ላይ በነፃ የሚቀርብ ነው። ፈረንሳይ ያላችሁ ደግሞ ጁን 21 እቤት አትዋሉ። ከ1982 ወዲህ በዚያ ቀን ጎበዙም ጀማሪውም መሣሪያውን ይዞ ጎዳና ይወጣል። ልማዱ ወደ ብዙ ሀገሮች ተዛምቷል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ የሜልቦርን ታሪክ ነው። ሲድኒ ማየር የሚባል ሰው በ1899 ከሩሲያ ግዛት ተሰዶ አውስትራሊያ ገባ። እንግሊዝኛው ጥቂት ነበር፤ ገንዘብም የለውም። ዞሮ ዞሮ እየሸጠ ጀምሮ ትልቅ ነጋዴ ሆነ። በ1929 ለከተማው ሕዝብ ነፃ የኦርኬስትራ ኮንሰርት አስጀመረ። በስሙ የተሠራው ትልቁ የአደባባይ መድረክ በ1959 ተከፈተ። ነፃ ኮንሰርቱ እስከ ዛሬ በየሰመሩ ይቀርባል። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ለገባበት ከተማ የሰጠው ስጦታ ነው። እኛም ሳሩ ላይ ስንቀመጥ የሰው ቤት እንደገባን አድርገን መሸማቀቅ የለብንም።

አሁን ወደ አካሄዱ ልግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልልቅ ስም ሲጠብቅ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ዝነኛ ድምፃዊ ይመጣል፣ ለትኬት የሳምንት ደመወዝ ይከፈላል፣ ከዚያ ሩቅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ድምፃዊቷን የአውራ ጣቴን ጥፍር አክላ አይቻት መጣሁ። እዚያ ማታ መድረክ ላይ ከነበሩት ሙዚቀኞች አንዱንም ዛሬ ባየው አላውቀውም።

ከተማ ውስጥ ያለው ሙዚቃ በሌላ መንገድ ነው የሚታወቀው። ኮንሰርት ከመከታተል ሰው ተከታተሉ። በተለይ ቤዝ የሚጫወተውን ወይም ድራመሩን። ለምን መሰላችሁ? ጎበዝ የቤዝ ተጫዋች በየትም ከተማ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አንዱ ሰው አራት አምስት ባንድ ውስጥ ይሠራል። ማክሰኞ ጃዝ፣ ሐሙስ ፈንክ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን። አጨዋወቱ የማረካችሁን አንድ ቤዚስት ኢንስታግራም ላይ ፈልጉና ተከተሉ። "ዛሬ ማታ እዚህ ነኝ" ባለበት ሁሉ ሂዱ። በሁለት ወር ውስጥ ከተማው ውስጥ የሚጫወተውን ግማሹን ሰው በመልክ ታውቁታላችሁ። እኔ የትሮምቦኑን ሰውዬ ተከትዬ ነው የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት። እሱ የሚጫወትበት ሌላ ባንድ ውስጥ አንዲት ፒያኒስት ነበረች። እሷን ስከተል አንድ የብራዚል ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አገኘሁ። በዚያ በኩል ደግሞ ሰኞ ማታ ጃም ሴሽን ያለበትን ቤት ደረስኩበት።

ስለ ጃም ሴሽን ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችን በሩ ላይ ደርሰን የምንመለስበት ስለሆነ። ለሙዚቀኞች ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የቤቱ ባንድ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል ይጫወታል። ከዚያ ስማቸውን ያስመዘገቡ ሙዚቀኞች በየተራ ይወጣሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች መድረክ ላይ ሁለት ቃል ተንሾካሹከው ዘፈን ይመርጣሉ፣ በየትኛው የድምፅ ቁልፍ (ኪይ) እንደሚጫወቱት ይነጋገራሉ፣ ይጀምራሉ። አንዳንዴ ይበላሻል። ሲበላሽ እንዴት እንደሚተራረሙ ማየት ብቻውን ያስመጣል። አንዱ መስመር ሲስት ቤዚስቱ ጠንከር አድርጎ የመጀመሪያውን ምት ይመታለታል፤ "ተመለስ፣ እዚህ ነን" እንደማለት ነው። የእናንተ ሥራ መስማትና ማጨብጨብ ነው። ብቻውን የመጣ ሰው እዚያ ሞልቷል፤ ማንም "ከማን ጋር ነህ?" አይላችሁም። ማንነታችሁን የሚያስረዳ ንግግር ማድረግ ሳያስፈልጋችሁ ሰው መሀል የምትቀመጡበት ቦታ ነው። ብቸኝነት ለከበደው ወገኔ ይህን ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ሦስተኛ ስትመጡ አስተናጋጇ ሰላም ትላችኋለች። አምስተኛ ላይ "ባለፈው ሰኞ የት ጠፋህ?" የሚል ይመጣል።

መረጃው የት አለ? የማዘጋጃ ቤቱ የፓርኮች ክፍል የሰመሩን ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ከሰመሩ ቀደም ብሎ ያወጣል። ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ቀኖቹን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ጫኑ፤ በኋላ እጭናለሁ ያለ ሰው አይጭንም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማስታወቂያ ሰሌዳም አይናቅ። እንደ ባንድስኢንታውንና ሶንግኪክ ያሉ አፖች ከሌላ ቦታ የሚመጡትን ለማወቅ ጥሩ ናቸው፤ የሰፈሩን ባንድ ግን ብዙ ጊዜ አያውቁትም። ለሰፈሩ ባንድ የሚሻለው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ነው። ሲያትል ያላችሁ ኬኢኤክስፒን በ90.3፣ ዋሽንግተን ያላችሁ ጃዝ የሚያጫውተውን ደብሊውፒኤፍደብሊውን በ89.3 ክፈቱ። እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለው ከተማ ብዙ ነው።

ነፃ የሆነ ሁሉ ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። ቦታ ማስያዝ ወይም ዕጣ ውስጥ መግባት የሚጠይቅ አለ። በር ላይ ደርሶ መመለስ ያናድዳል፤ በተለይ ልጆች ይዞ። ቀድማችሁ እዩ። የወንበር ሕግም አለ። ብዙ ቦታ ዝቅ ያለ ታጣፊ ወንበር ነው የሚፈቀደው። ጠርሙስ አይገባም። የአልጋ ልብስ የሚያህል ምንጣፍ ሁሉንም ነገር ይፈታል። ጃኬት ያዙ። ቀን የሞቀ ፓርክ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ ነው።

የት እንቀመጥ? የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ዘርግቶ የተቀመጠበትን ፈልጉ። እሱ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያው ሆኖ በጆሮው እየሰማ ነው። ስለዚህ ከእሱ ፊት ወይም አጠገብ ያለው ሰው እሱ የሰማውን ይሰማል። ከመድረኩ 100 ሜትር ከራቃችሁ ድራመሩ ሲመታ አይታችሁ ድምፁ የሚደርሳችሁ ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ነው። ዓይንና ጆሮ ሲለያዩ ደስታው ይቀንሳል። ስፒከሩ ሥር መቀመጥ ደግሞ ለጆሮ ጥሩ አይደለም።

በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ተቋም የሚመክረው ገደብ በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በቀን 8 ሰዓት ያህል መቆየት ነው። ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ ሲጨምር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። የተጎዳ የጆሮ ሴል መልሶ አይበቅልም። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ቁልፍ መያዣችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ሕፃን ከያዛችሁ ጆሮውን የሚሸፍን ማፈኛ አድርጉለት። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ደግሞ "ዝናቡ ያልፋል" ብላችሁ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሕንፃ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪሞላ አትውጡ።

"እኔ የማታ ሺፍት ነኝ" የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ፤ ሠርቼበታለሁ። ለእናንተ የምሳ ሰዓት ኮንሰርት አለ። የበርሊኑ ፊልሃርሞኒ አዳራሽ፣ ፎየሩ (መግቢያው ላይ ያለው ሰፊ ክፍል) ውስጥ ረቡዕ በምሳ ሰዓት በሚቀርቡ ነፃ ኮንሰርቶቹ ይታወቃል። ከዚህ በላይ ግን የምመክራችሁ ከተማችሁ ውስጥ ያለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ለመመረቅ ሕዝብ ፊት መጫወት አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፤ ከሰዓትም ይኖራል፤ ዊንተርም አይቋረጥም። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዴ ሃያ ሰው አይሞላም። ዓመት ሙሉ የተለማመደች ልጅ ሰላሳ ባዶ ወንበር ፊት ስትጫወት እናንተ እዚያ ብትሆኑ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ከመድረኩ ሥር ቆማ ድራመሩን ታየው ነበር። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ሲምባሎቹን፣ ከድራሙ ጋር የሚመቱትን ሰሃን የሚመስሉ ብረቶች፣ ይፈታ ጀመር። አንዱን ሳይፈታ ተወውና ዱላውን ሰጣት። አንዴ ብቻ መታችው። ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች፤ ድምፁ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር። ድራመሩ ሲምባሉን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ዝም አሰኘውና "አየሽ፣ እንዲህም ነው የሚጠፋው" አላት። እስከ ዛሬ ቤት ውስጥ ሰሃን ሲወድቅ ሮጣ በሁለት ጣቷ ትይዘዋለች።

ቲፕ ማሰሮው ሲዞር አትለፉት። አልበም ካላቸው ግዙ። ሙዚቀኞች ሥራቸውን የሚሸጡበት ባንድካምፕ የሚባል ድረ ገጽ ላይ የምትገዙ ከሆነ ባንድካምፕ ፍራይዴይ የሚባሉትን ቀኖች ጠብቁ፤ ከ2020 ጀምሮ በእነዚያ ቀኖች ኩባንያው ድርሻውን ይተዋል። ገንዘብ ካጠራችሁ ሄዳችሁ ስማቸውን ጠይቁ። "ሁለተኛው ዘፈን ላይ የነፋኸው ነገር ወድጄዋለሁ" በሉ። የተሰማችሁን ለይታችሁ ስትነግሩት ሰውየው ፊቱ ይበራል። ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ ዘፈን አትቅረጹ፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው የሚያየው ስልካችሁን ነው።

የእኔ ትሮምቦኒስት ዘንድሮ ዊንተሩን በሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ይጫወታል። ወንበሩ አርባ ብቻ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ። ያኔ ፓርኩ ውስጥ ያናገሩኝ ሴትዮም ይመጣሉ። ቀድመው ከደረሱ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ኮታቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኛል።