ነጩ ነጥብ ጠፋ ማለት ዓሣው ዳነ ማለት ነው? የጨው ውሃ ዓሣ ሕመም ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ጨው ውሃ ዓሣ ሕመም የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ጻፉልኝ። ዓሣው አተነፋፈሱ እንዴት ነው? ይበላል? የውሃው አሞኒያ (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ) ስንት ነው? እነዚህን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ግምት ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ታንግ የሚባለው ዓሣዬ ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጥብ አውጥቶ ነበር። ዛሬ ሳየው የለም። ይበላል፣ አሞኒያው ዜሮ ነው። ዳነ ማለት ነው?

መልስ፦ አልዳነም ወንድሜ፣ እንዳትዘናጋ። ይሄ ክሪፕቶካርዮን የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ነው። ዓሣው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገባል። ሲጠግብ ራሱ ይወርድና ድንጋይና አሸዋ ላይ ተጣብቆ ሽፋን ያበጃል። እዚያ ውስጥ ይራባል። ከአንዲት ነጥብ በመቶ የሚቆጠሩ ይፈለፈላሉ፤ ወጥተው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። አንተ ጠፋ ያልከው ነጥብ ታች ወርዶ እየተባዛ ነው። ሲመለስ በርክቶ ነው የሚመለሰው።

ስለዚህ ዓሦቹን በሙሉ፣ ምንም ነጥብ የሌለባቸውንም፣ ወደ ለይቶ ማቆያ ገንዳ አውጣ። እዚያ ለ30 ቀን በመዳብ መድኃኒት ይታከማሉ። ዋናው ገንዳ 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆይ። ይበዛል እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ተውሳኩ ሽፋኑ ውስጥ እስከ 72 ቀን ቆይቶ የወጣበት ጊዜ ታይቷል። በ4 ሳምንት ዓሣውን መልሶ እንደገና ከዜሮ የጀመረ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዓሦቹን ማጥመድ በጣም ከባድ ነው። መዳቡን ዋናው ገንዳ ውስጥ ብጨምረውስ? ኮራልና ሽሪምፕ አለኝ።

መልስ፦ በፍጹም። መዳብ ሽሪምፑንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ ኮራሉንም ይጨርሳል። ድንጋዩና አሸዋው ደግሞ መድኃኒቱን ስለሚመጥጡት መጠኑ ይወርዳል፤ ዓሣውም ሳይድን ይቀራል። ድንጋዩን አውጥቶ ማጥመድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዓሣዬ ነጥብ የለበትም። ግን ትናንት ማታ ጀምሮ ከፓምፑ ፊት አይነቃነቅም፣ ምግብ እንቢ ብሏል፣ በጣም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። አሞኒያ ዜሮ ነው።

መልስ፦ ይሄን አሁኑኑ ነው የምመልሰው፤ ለነገ የሚያድር አይደለም። ክፍሉን አጨልሚና የእጅ ባትሪ ከጎን አብሪበት። ቆዳው ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ወርቅማ የሚመስል አቧራ ካየሽ ቬልቬት የሚባለው ሌላ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ባይታይሽም የለም ብለሽ አትተዪው። ቬልቬት መጀመሪያ የሚይዘው ስንጥቡን፣ ማለትም የሚተነፍስበትን ነው፤ ቆዳው ላይ ሳይታይ ሊገድል ይችላል። እኔ በጀመርኩበት ዓመት ነጥብ እስኪወጣ ብዬ ጠበቅሁ። በ4 ቀን ውስጥ ሰባት ዓሣ ሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ ከነጥብ በፊት የማየው ትንፋሽ ነው።

ዛሬውኑ ወደ ለይቶ ማቆያ አውጪው፣ የአየር ድንጋይ (አረፋ የሚነፋውን) ጨምሪለት፣ መዳብ ጀምሪ። ሁለት ዓይነት የመዳብ መድኃኒት ስላለ ተጠንቀቂ። የአንዱ ልክ በሊትር 0.5 ሚሊግራም አካባቢ ነው፣ የሌላው ከ2 በላይ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፤ መዳቡንም በየቀኑ ለኪ። በዓይን ግምት አይሆንም።

ጥያቄ፦ አዲስ ክላውንፊሽ ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ነጭ ልጋግ ሸፈነው፣ ቆዳው እየተላጠ ነው። መዳብ ልስጠው?

መልስ፦ ለዚህ መዳብ አይሠራም። ክላውንፊሽ ላይ እንዲህ ያለ ልጋግ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብሩክሊኔላ የሚባል ሌላ ተውሳክ ነው፤ ቶሎ ይገድላል። መድኃኒቱ ፎርማሊን ነው። በሌላ ዕቃ፣ አየር እየነፋህለት፣ መመሪያው ባለው መጠን ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ታቆየዋለህ። ከዚያ ንጹሕ ገንዳ ውስጥ እንጂ ወደ መጣበት አትመልሰው። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት፤ ፎርማሊን ለአንተም መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ያድናል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ምግብ እንዲያሸት ሊረዳ ይችላል። ተውሳክ አይገድልም።

ጥያቄ፦ ክንፉ ጫፍ ላይ አበባ ጎመን የሚመስል ነጭ እብጠት አለ። ይበላል፣ ደህና ይዋኛል።

መልስ፦ ሊምፎሲስቲስ ይመስላል። ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ውሃውን ንጹሕ አድርጊ፣ በደንብ መግቢው፤ በሳምንታት ወይም በወራት ራሱ ይረግፋል። እባክሽ በመቀስ አትንኪው።

ጥያቄ፦ ባለ ታንጉ ነኝ። ለይቶ ማቆያ አስገባሁት፣ መዳብ ጀመርኩ። ዛሬ አሞኒያው ወጣ። አሞኒያ የሚያጠፋውን ጠብታ ልጨምር?

መልስ፦ ተው! ከእነዚህ ጠብታዎች አንዳንዶቹ ከመዳብ ጋር ሲገናኙ መዳቡን የባሰ መርዛማ ያደርጉታል። ውሃ ቀይር። ግማሹን ቅዳ፣ የምትተካውን አስቀድመህ ጨውና ሙቀቱን አመሳስል፣ መዳቡንም በዚያው ልክ ጨምርበት፤ አለበለዚያ መጠኑ ወርዶ ቀኑን እንደገና ከ1 ትቆጥራለህ። ነገ ጠዋት ሁለቱንም ለክተህ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ።