«በስንት ቁጥር ወረቀት ልፋቀው?»፦ አሮጌ የአውሮፕላን ሞዴል ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አጭር ጥያቄ ላከልኝ። ከዘመድ በተረፈ ዕቃ መካከል አንድ አሮጌ የፓይፐር ከብ፣ የዚያች ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን፣ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል ኪት አግኝቷል። ካርቶኑ ቢጎሳቆልም ክፍሎቹ አልጎደሉም፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሌላ ሰው ጀምሮ ስለተወው የግራ ክንፉ ላይኛውና ታችኛው ገጽ ተጣብቋል፣ ሙጫውም ከጠርዙ ፈስሶ የጣት ምልክት የመሰለ ጠባሳ ጥሎበታል። የወጣቱ ጥያቄ «በስንት ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ልፋቀው?» የሚል ብቻ ነበር። በአንድ መስመር ልመልስለት ብዬ ብዕር ካነሣሁ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ከ25 ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ማንንም ሳልጠይቅ በራሴ መልሼ ያጠፋሁት ነገር ትዝ ስላለኝ፣ መልሱን ለሁላችሁም አስፍቼ ልጽፈው ወሰንሁ።

በሙያዬ የአውሮፕላን አካል ጥገና ሠራተኛ ነበርሁ። ቀን ቀን የተጎዳ ቆርቆሮ ስለካ፣ ስቆርጥና በሪቬት ስመታ እውል ነበር፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ሥራ በ1/48 መጠን፣ ማለት ከእውነተኛው 48 ጊዜ ባነሰ ሞዴል፣ ጠረጴዛዬ ላይ እቀጥላለሁ። በሥራ ቦታችን ስህተትን አይቶ ማለፍ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም ስለነበር፣ ዓይኔ ጠማማ መስመር ባየ ቁጥር እጄ ወደ ሞረድ ይሄድ ነበር። ይህ ጠባይ በሃንጋር፣ በአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ ውስጥ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ፤ በጠረጴዛዬ ላይ ግን አንድ ሰው በድዬበታለሁ።

ሰውየው ጡረታ የወጡ አብራሪ ነበሩ። በረራ የተማሩት በከብ ላይ ነው፤ በኋላም ለብዙ ዓመታት በዚያው አውሮፕላን የፊት ወንበር ተቀምጠው ተለማማጆችን አስተምረዋል። አንድ ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ሞዴል ይዘው መጡ። በልጅነታቸው፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩት ከብ ነበር። ቢጫው ቀለም በወፍራም ብሩሽ የተቀባ በመሆኑ የብሩሹ ፀጉር የሄደበት ሁሉ ይታያል፤ በጎኑ ላይ የሚሄደው ጥቁር መስመር ከመሃል ላይ ተጣሟል፤ አንዱ ጎማ ወድቋል፤ ክንፉን ከታች ከሚይዙት ዘንጎች አንዱ ተሰብሯል፤ በግራ በኩል ያለው የኋላ መስኮት ደግሞ ደብዝዟል። «ልጄ፣ ጎማውንና ዘንጉን ብቻ ጠግንልኝ» አሉኝ። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ሰምቻታለሁ፤ አላደመጥኋትም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሠራሁት። ጎማውና ዘንጉ በመጀመሪያው ምሽት አለቁ፤ ሞዴሉን ግን እንዲያው መመለስ ሞያዬን ማዋረድ መሰለኝ። የክንፉ የኋላ ጠርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወፍራም ነበር፤ በ48 ሲባዛ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ሳንቃ ማለት ነው፣ ስለዚህ ምላጭ እስኪመስል ድረስ ሞረድሁት። ቀለሙን አነሣሁ። መጋጠሚያዎቹን በስቱኮ ሞላሁ። አንድ ሰው ብቻ የተሳፈረበት ሞዴል ስለነበርና በፊት ወንበር ስለተቀመጠ ወደ ኋላ አዛወርሁት፤ ጄ-3 በሚባለው የከብ ዓይነት ላይ ብቻውን የሚበር አብራሪ ሚዛኑ እንዲጠበቅ የሚቀመጠው ከኋላ ነውና። የነዳጅ መለኪያውንም ሠራሁለት። ይህን መለኪያ የማያውቅ ካለ፣ በከብ ሞተር ክዳን ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ወዲያ፣ የታንኩን ክዳን ሰንጥቆ የወጣ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦው ከታች በነዳጁ ላይ ከሚንሳፈፍ ቡሽ ጋር ስለተያያዘ ነዳጁ ሲጎድል እርሱም አብሮ ዝቅ ይላል። መቼም ከዚያ ወዲህ ብዙ መሣሪያ ፈትቼ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እውነተኛና ቀላል መለኪያ ግን አላገኘሁም። ሽቦውን የሠራሁት ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ ቁራጩን በሻማ ነበልባል አጠገብ አሙቄ ሲለሰልስ ሁለቱን ጫፎች ስስባቸው ፀጉር የሚያህል ክር ወጣው።

በመጨረሻ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ድብዛዜው ሙሉ የአውራ ጣት አሻራ ሆኖ አገኘሁት፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ ጣቱም ትንሽ ነበር። ሞዴሎች ለሚሠሩበት ፕላስቲክ፣ ለፖሊስታይሪን፣ የሚሆነው ሙጫ እንደ ወረቀት ሙጫ በሁለት ነገሮች መሃል ገብቶ የሚያያይዝ አይደለም፤ የፕላስቲኩን ገጽ አሟሙቶ ሁለቱን ወገን አንድ አካል የሚያደርግ ፈሳሽ ነው። ሙጫ በነካው ጣት የተጫነ ፕላስቲክ ለአፍታ እንደ ሰም ይለሰልስና የጣቱን መስመሮች ቀድቶ መልሶ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ውሃም ሆነ ሳሙና አያስለቅቀውም። እኔ ግን አስለቀቅሁት። በ600 ቁጥር ወረቀት ጀምሬ፣ ይበልጥ ወደሚለሰልሱት ወደ 1000 ከዚያም ወደ 2000 አልፌ፣ ሁልጊዜ ውሃ እያርከፈከፍሁ ፋቅሁት፤ ማሳረጊያውን በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አሸሁት። አሻራው ጠልቆ ስለነበር አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ሲያልቅ መስኮቱ ያለ አይመስልም ነበር፤ እኔም በሥራዬ እጅግ ኮራሁ።

አብራሪው ሊወስዱት ሲመጡ የነዳጅ መለኪያዋን ሽቦ አይተው ፊታቸው በራ፤ የተዛወረውንም አብራሪ አይተው «ደግ አደረግህ፣ ቦታው እዚያ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሞዴሉን ወደ ብርሃን አዞሩት። ወደ ግራ አዘነበሉት፣ ወደ ቀኝ አዘነበሉት፣ እንደገና ወደ ግራ። «መስኮቱ አዲስ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም፣ የራሱ ነው፤ አጽድቼው ነው» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው የራሳቸውን አውራ ጣት በመስኮቱ ላይ አሳረፉ፤ ጣታቸው መስኮቱን ሸፍኖት አለፈ። ሙጫው እስኪይዝ ድረስ መስኮቱን በጣቱ ደግፎ የያዘላቸው ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው እንደ ነበረ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ በሚቀጥለው ዓመት በሕመም ሞተ። አልወቀሱኝም። አመስግነውኝ ሞዴሉን በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። ክንፉን አወፍራለሁ ብል ይቻል ነበር፣ ቀለሙንም በወፍራም ብሩሽ መልሼ መቀባት ይቻል ነበር፤ ያችን አሻራ ግን የትም ሄጄ አላመጣትም።

ስለ ቢላዋ አያያዝ፣ ስለ ወረንጦና ስለ ቀለም ማቅጠን አልጽፍላችሁም፤ ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ከምታዩት ቪዲዮ ትማሩታላችሁ። እንዲያውም የዘመኑ ወጣቶች በአንዳንድ ነገር ትበልጡናላችሁ፤ እኛ መስኮት ዘግተን የሙጫ ጭስ ስንምግ አምሽተናል፣ እናንተ ግን አየር ሳታስገቡ ክዳን አትከፍቱም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙዎቻችሁ ካርቶኑን ሳትከፍቱ የማሻሻያ ክፍሎችን ታዝዛላችሁ፤ ኪቱ ምን እንዳለው ሳታዩ ምን እንደጎደለው ታውቃላችሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ክፍሎቹን ያለ ሙጫ ገጥሞ ማየት ለእናንተ የባከነ ጊዜ ይመስላችኋል። እውነቱን ለመናገር የእኔም መሳቢያ በእንዲህ ያሉ የሬዚን ወንበሮችና ስስ የብረት ክፍሎች የተሞላ ነው፤ ቢሆንም እላችኋለሁ፣ አስቀድማችሁ እዩት።

በአሮጌ ኪቶች ላይ ስለሚታዩት፣ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ ስለሚያሳዩት ከፍ ያሉ መስመሮችም ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። እነዚህ መስመሮች የሠሪው ስንፍና አይደሉም። ፕላስቲኩ የሚፈስበት ቅርጽ የሚቀረጸው በብረት ላይ ነውና ብረቱ ላይ የተቦረቦረ ጭረት ፕላስቲኩ ላይ ከፍ ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ፕላስቲኩ ላይ ስርጉድ መስመር ለማግኘት ግን ብረቱ ላይ መስመሩን አስቀርቶ ዙሪያውን በሙሉ መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ባለሙያ አክብሮት ይኑራችሁ፣ መስመሮቹንም ተዉአቸው። ይህን ካልሁ በኋላ ግን የብረት አካል ያለውን ሴስና 172 የተባለ አውሮፕላን ሞዴል ስሠራ እኔ ራሴ ሁልጊዜ እፍቃቸዋለሁ። 0.2 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ መስመር በ1/48 መጠን አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያህል ድንበር ነው፣ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ደግሞ በእጄ አልፎ አያውቅም። የምሠራው እንዲህ ነው፦ ከመፋቄ በፊት ከፍ ያለውን መስመር ራሱን እንደ ማስመሪያ ተጠቅሜ በጥግ በጥጉ በመርፌ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሳልጫን እጭራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የማነሣው። መጀመሪያ የፋቀ ሰው መስመሩ የት እንደነበረ በግምት ሲፈልግ ያመሻል። ሴስና ሦስተኛውን ጎማ በአፍንጫው ሥር የተሸከመ ስለሆነም ሁለቱን የአካል ግማሾች ከመግጠማችሁ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ክተቱ፤ ያለበለዚያ በጅራቱ ይቀመጥባችኋል።

ከብ ግን ከዚህ ይለያል። ክንፉ በጨርቅ የተለበጠ ነው፤ ጨርቁ በጎድኖቹ ላይ ተወጥሮ በመካከላቸው በጥቂቱ ይሰረጉዳል። በእውነተኛው ክንፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ከፍታ በ1/48 ሲሆን 0.06 ሚሊ ሜትር፣ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው። የኪቱ ጎድኖች ከዚህ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይወፍራሉና ዝቅ አድርጓቸው፣ ነገር ግን አታጥፏቸው፤ ዓይናችሁን ዘግታችሁ ጣታችሁን ስታሳልፉ ልትቆጥሯቸው ይገባል። ጅራቱ ላይ የሚቀመጥ አውሮፕላን ስለሆነ ክብደት አትጨምሩበት። ወደ ቢጫ የተለወጡ ዲካሎች፣ ማለት በውሃ ተነክረው የሚለጠፉ ምልክቶች፣ ካሉት ደግሞ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለጥቂት ቀናት ለጥፏቸው፤ ዳራቸው ይነጣል። ውሃ ውስጥ ከመንከራችሁ በፊት ግን የማትፈልጉትን አንዱን ሞክሩ፣ ያረጀ ዲካል ውሃ ሲነካው ሊበታተን ይችላልና።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ጥያቄ ልመለስ፣ ልጄ። ኪቱ ከዘመዶችህ ዕቃ የተገኘ ከሆነ የጀመረው ሰው በሕይወት ሊኖር ይችላል፣ ባይኖርም የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። በዕድሜ ለሚበልጡህ ስልክ ደውልና ጠይቅ። ማን እንዳጣበቀው እስክታውቅ ድረስ የግራ ክንፉን አትንካው። የቀኝ ክንፉ ያልተነካ ነው ብለኸኛልና እርሱን ዛሬ ማታ ልትጀምረው ትችላለህ፤ በ600 ቁጥር ወረቀት፣ ውሃ እያርከፈከፍህ፣ ከኋላ ጠርዙ ተነሥተህ።